እሳት ማጥፊያው ይቆይ፤ መጀመሪያ በሩ ይከፈት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ባለ አራት ፎቅ ስድስት ብሎኮች ያሉት የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው። ከወር በፊት አጠገባችን ያለው ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ሳይነቀል የተረሳ ምጣድ እሳት አስነሣ። የሞተ ሰው የለም፤ ነገር ግን አንዲት እናት እጃቸውና ክንዳቸው ክፉኛ ተቃጥሏል። የእሳት አደጋ መኪና ቢመጣም የግቢው የመኪና በር ተቆልፎ ስለነበር ቁልፍ የያዘው ጥበቃ እስኪገኝ ውጭ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ 22 ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ተመዝግበናል፤ ከነዋሪውም 60 ሺህ ብር አሰባስበናል። ግማሾቻችን በሙሉ ብሩ እሳት ማጥፊያ እንግዛ እንላለን፤ ግማሾቹ ደግሞ መለያ ልብስ አሰፍተን ማታ ማታ እንዙር ይላሉ። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ጋሼ፣ «እናንተ ልጆች ሞቅ ብሏችሁ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ አንዳችሁም አትገኙም» ብለውናል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ እህታችን፣ ጋሼ ያሉት ቢያስከፋም እውነት አለበት። የሰፈር በጎ ፈቃድ ቡድን የሚፈርሰው አደጋ በሌለበት በአራተኛው ወር ነው። እሳት ለማጥፋት ብቻ የተሰበሰበ ሰው እሳት ካጣ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራችሁ ምን እንደሆነ ተስማሙ። እሳት የሚያጠፋ ባለሙያ ከተማው አለው። የግቢያችሁ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ ከአራተኛ ፎቅ በራሳቸው መውረድ የማይችሉት አዛውንት በየትኛው በር እንደሚኖሩ፣ የብሎኩ ቆጣሪ ሳጥን የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ከእናንተ ውጭ ማንም ሊያቀርብ አይችልም። የእናንተ ድርሻ ባለሙያው እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎችና እሱ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

መንገዱን እናስቀድም፤ ችግሩን ራስሽ ጽፈሽልናል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ሲባጎ ቁረጡ። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ እያንዳንዱ ብሎክ መግቢያ ገመዱን ወጥሮ ይሂድ። ሳይረግብ ማለፍ ያልቻለበትን ቦታ ሁሉ ሦስተኛው ሰው በደብተር ይመዝግብ። ይህን ቀን አታድርጉት፤ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ መኪና ሁሉ ገብቶ ከቆመ በኋላ አድርጉት። ቀን ሰፊ የነበረው መንገድ ማታ ሌላ መንገድ ነው። ቁመቱንም እዩ፤ የበሩ ቅስት፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የመብራት ወይም የስልክ ሽቦ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ከ4 ሜትር በታች ከሆነ ይመዝገብ። ከሁሉ የከፋው መታጠፊያው ነው። ትልቅ መኪና ቀጥ ባለ ጠባብ መንገድ እንደምንም ያልፋል፤ ማዕዘን ላይ አንዲት ሚኒባስ ከቆመች ግን አይዞርም። ስለዚህ ያላችሁ ቀለም ትንሽ ከሆነ መታጠፊያዎቹን ብቻ ቀቡ፤ «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ አስፋልቱ ላይ ቢጫ መስመር ማስመር ይሻላል።

በደብተሩ የሚሰበሰቡት ነገሮች ብዙውን ጊዜ ያው ናቸው፤ ግንባታ ካለቀ በኋላ ማንም ያላነሣው የአሸዋ ክምር፣ ሱቁ ፊት ለፊት የተደረደረ የለስላሳ ሳጥን፣ ሰው መኪና እንዳያቆምበት በየፊናው የተከለው ድንጋይ። አንድ የሚረሳ ነገርም አለ፤ የለቅሶ ድንኳን። ድንኳን የሚተከለው መኪና መንገዱ ላይ ነው፤ ለሦስት ቀን መንገዱን ይዘጋዋል። ድንኳን አትትከሉ የሚል ሰው በሰፈሩ አይኖርም፤ ነገር ግን ዕድሩ «ድንኳን ሲተከል በአንድ ወገን መኪና ማለፊያ ይተው» ብሎ ከወሰነ ተካዮቹ ካስማውን አንድ ሜትር አስጠግተው ይመቱታል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ፣ የመንገዱ ጥበትና መጨናነቅ እሳቱን ለመቆጣጠር እንቅፋት መሆኑ በወቅቱ በስፋት ተነግሯል። ሸማ ተራን ማስፋት የከተማ ሥራ ነው፤ የእናንተን የግቢ በር መክፈት ግን የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። የመኪናው በር ቁልፍ በሦስት ይቀረጽ፤ አንዱ ጥበቃው ጋ፣ አንዱ ሁልጊዜ ቤት የሚውል ሰው ጋ፣ አንዱ እስከ ምሽት የሚከፈት ሱቅ ውስጥ። ቁልፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ በጨለማና በድንጋጤ ከአሥር ቁልፍ መሐል አንዱን መምረጥ ቀላል አይደለም። በየወሩ መጀመሪያ አንዱ ሰው ቁልፉን አስገብቶ ይክፈት፤ ዓመት ሙሉ ዝናብ የመታው ጓጉንቸር በሚያስፈልግበት ሌሊት አይዞርም።

ቀጥሎ፣ 22 ወጣት ከመዘገባችሁት ዝርዝር አጠገብ ሰዓት ጻፉ። ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ከ22ቱ ማን ግቢ ውስጥ አለ? ብዙዎቻችሁ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ናችሁ። ምጣድ የሚሰካው ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ያሉት ጥበቃው፣ ባለሱቁ፣ ጡረተኞቹ፣ እመጫቶቹና የቤት ሠራተኞቹ ናቸው። ቡድናችሁ እነሱን ካላካተተ የማታ ቡድን ብቻ ነው። በተለይ የቤት ሠራተኞችን አትዝለሉ፤ ብዙዎቹ ከገጠር በቅርብ የመጡ ናቸው፣ ምጣዱንም ሲሊንደሩንም ማንም በወጉ ሳያሳያቸው ነው ሥራ የጀመሩት። 939ን በቃላቸው እንዲይዙ፣ አሠሪ ሳይጠይቁ እንዲደውሉም በየቤቱ ሄዳችሁ አሠሪዎቹ ፊት ንገሯቸው። «እመቤቴ ትቆጣለች» ብላ የቆየች ልጅ የምታባክነው ጊዜ ከሁሉ ውድ ነው።

ስለ ስልኩ እናውራ። በአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ነው። እነዚህን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል ብላችሁ አትመኑ፤ በየደረጃው መግቢያ ጻፉ። ከቁጥሩ የሚበልጠው ግን የሚነገረው ነገር ነው። በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የማይገኝ ሰፈር ውስጥ ደዋዩ በድንጋጤ «እኛ ጋ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ጋ!» ብሎ ይዘጋል። ከአሁኑ ተረጋግታችሁ አንድ ጽሑፍ አዘጋጁና በትልልቅ ፊደል አሳትማችሁ ጥበቃ ቤቱና እያንዳንዱ ብሎክ መግቢያ ላይ ለጥፉ። እንዲህ ያለ ይሁን፦

«እሳት ተነሥቷል። ክፍለ ከተማ ……፣ ወረዳ ……። ከ…… አደባባይ ወደ …… ሲመጡ፣ …… ቤተ ክርስቲያንን ወይም መስጊድን አልፈው በስተቀኝ ሁለተኛው አስፋልት። ብሎክ ……፣ ……ኛ ፎቅ። የሚነደው ……። ውስጥ ሰው አለ/የለም። ለመኪና የሚመቸው በር በ…… በኩል ያለው ነው። አስፋልቱ ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ስልኬ ……።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እውነት ትሁን። አንድ ሰው፣ ማታ ከሆነ ባትሪ ይዞ፣ ወደ አስፋልቱ ሮጦ ይቁም። ይህ ሥራ ክብር የሌለው ስለሚመስል ማንም አይፈልገውም፤ ሁሉም ወደ እሳቱ ይሮጣል። በየፈረቃው የሚቆመው ሰው በስም ይመደብ። የሚደውለውም እንደዚሁ፤ አለበለዚያ «ተደውሏል» ይባልና ማንም ሳይደውል ይቀራል። እሳት ማጥፋት ከመጀመር በፊት ይደወል፤ ከጠፋ መልሶ ደውሎ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ሰውን የምትቀሰቅሱበት ምልክትም ያስፈልጋችኋል። የዕድር ጥሩምባ አለን እንዳትሉ፤ ጥሩምባ ሲነፋ የሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላ ፍለጋ ይሄዳል እንጂ ልጆቹን ይዞ አይወርድም። አሮጌ የመኪና ቸርኬ ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ስቀሉ፣ መምቻ ብረቱን በሽቦ እሰሩበት። ሳያቋርጥ ከተመታ እሳት ነው፤ ሁሉም በደረጃ ይወርዳል። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር ቸርኬው ይሠራል። የቴሌግራም ግሩፕ ለስብሰባ ጥሩ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን የሚያነበው የለም።

አሁን ወደ እሳት ማጥፊያው። ግዙ፤ ግን ምን እንደምትገዙ እወቁ። ለመኖሪያ ብሎክ የሚሻለው «ABC» የሚል ጽሑፍ ያለበት 6 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ለእንጨትና ጨርቅ፣ ለነዳጅ፣ ለኤሌክትሪክም ያገለግላል። አንድ 6 ኪሎ ማጥፊያ እጀታው ተጨምቆ ከተለቀቀ የሚቆየው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከበሩ ላይ ሆኖ ነበልባሉ ላይ ይረጭና እሳቱ ጋ ሲደርስ ባዶ ቆርቆሮ ይዟል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ማሰሪያውን በጥሰው ፒኑን ይነቅላሉ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቀው ይቆማሉ፣ አፉን ወደ ነበልባሉ ሥር ያነጣጥራሉ፣ ይጨምቁና ግራ ቀኝ ይጠርጋሉ። መውጫ በር ከጀርባ ይሁን። ከጠፋም ጀርባ አይሰጡትም፤ ወደ ኋላ እያዩ ይወጣሉ፣ ተመልሶ ይነሣልና።

ለመሞከር መወሰኛው ሦስት ነገር ነው። እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት የማይበልጥ ከሆነ፣ መውጫው ከኋላችሁ ከሆነ፣ ጭሱም ወደ ደረታችሁ ካልወረደ አንድ ማጥፊያ ሞክሩ። በአንዱ ካልጠፋ ሌላ አታምጡ፤ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። በሩን መዝጋት አየር ይነሣዋል፣ ደረጃውም በጭስ እንዳይሞላ ያደርጋል። ብዙ ሰው ግን «ጭሱ ይውጣ» ብሎ በርና መስኮት ይከፍታል፤ እሳቱ የሚፈልገው እሱኑ ነው።

ለመጀመሪያው ዙር ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ፣ በድምሩ 6 ማጥፊያ ይበቃችኋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁልጊዜ ሰው ከማይጠፋበት ቤት አጠገብ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ግን አይቀመጥ። ስትገዙ የመለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን፣ ማሰሪያው አለመበጠሱን፣ የተሞላበት ቀን መጻፉን እዩ። በየወሩም ይህንኑ ይመልከት የሚባል ሰው ይኑር። ለሙከራ ብላችሁ ትንሽ አታስነጥሱት፤ ደረቅ ዱቄት አንድ ጊዜ ከተለቀቀ ቫልቩ ውስጥ ቅንጣት ስለሚቀር ግፊቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ መልሶ ማስሞላት ግድ ነው። የዘይት እሳት ላይ ከማጥፊያው ይልቅ የድስት ክዳን ይሻላል፤ ከጎን አንሸራታችሁ ክደኑት፣ ምድጃውን አጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት። ውኃ ግን በፍጹም፤ ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት ይፈላና የሚነድ ዘይት ፊት ላይ ይረጫል።

የእናንተን ቃጠሎ ያመጣው ምጣድ ነውና በእሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ብዙው ቤት የሚሰካው ግን 10 አምፔር ብቻ እንዲችል በተሠራ ማከፋፈያ፣ ከፍሪጁ ጎን ነው። ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው መሐል አይደለም፤ ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ላልቶ የሚነካካበት ቦታ ነው። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፤ ስፒናው ሥር ቡናማ ይሆናል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ሶኬቱ ሲገፉት ይወዛወዛል። ቤት ለቤት ስትሄዱ እንዲህ አስፈትሹ፤ ጋግረው እንደጨረሱ ነቅለው ስፒናውን በእጅ ይያዙት። ለብ ካለ ደህና ነው። አምስት ሰከንድ መያዝ ካልተቻለ በዚያ ሶኬት ዳግም አይጋገር፤ ለምጣዱ ብቻ የተዘረጋ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ የሚቀይር ሰው አለ፤ ጥበቃውን አባርሮ በሩን ከፍቶ እንደማደር ነው።

ጋዝ ያለበት ቤት ሲሊንደሩ የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እስከ ዛሬ አለ፤ ስታገኙ ተቆጡ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል። ሽታው ካለ ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ የበራውን ማጥፋትም ብልጭታ ነው። የሚነድ ሲሊንደር ቫልቩን ሳይዘጉ ነበልባሉን ብቻ ማጥፋት ደግሞ ጋዙን ክፍሉ ውስጥ ማጠራቀም ነው። ቫልቩ ጋ መድረስ ካልተቻለ ውጡ፣ ሰዉን አርቁ።

ከሰል በክረምት የሚገድለው ሳይሸት ነው። ጭሱ ስላለቀ «ከሰሉ በስሏል» ተብሎ ወደ መኝታ ቤት የሚገባው ምድጃ ቀልቶ ሳለም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ካቅለሸለሻቸው ጉንፋን አይደለም፤ በሩን ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጧቸው፣ 907 ደውሉ።

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን የምንነግራችሁ ነገር አለ፤ ጭስ ወዳለበት ደረጃ ማንም በጎ ፈቃደኛ አይገባም። እርጥብ ጨርቅ አፍንጫ ላይ ማሰር ጥቀርሻውን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የሚገድለውን ጋዝ አያስቀርም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መጀመሪያ የተናደው መሬት የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት ሕዝቡ ተሯሩጦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡት ናቸው። የእሳትም የጎርፍም የሕንፃ መደርመስም ጠባይ ይኸው ነው። ሲደርሱ ቆም ብሎ «ይህ ነገር ገና ይቀጥላል ወይ?» ማለት ፍርሃት አይደለም። ላይ የቀረ ሰው ካለ ከውጭ ሆናችሁ ንገሩት፤ የክፍሉን በር ይዝጋ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይወትፍ፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይታይ፣ አይዝለል። መስኮቱ በፍርግርግ የታጠረ ቤት ደግሞ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ሆኖ ቁልፉ አጠገቡ ሊሰቀል ይገባል። ይህንንም ቤት ለቤት ስትዞሩ መዝግቡ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሰው ቀርቷል?» ብለው ነው። የተሳሳተ መልስ ውስጥ ለሌለ ሰው ሲባል ባለሙያውን እሳት ውስጥ ይሰዳል፤ ወይም የቀረውን ያስረሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ተጠሪ ይኑር፤ ሁሉም የሚሰበሰብበት ቦታ አንድ ይሁን፣ ከብሎኩ የራቀና የመኪናው መንገድ ላይ ያልሆነ። ተጠሪው የፎቁን ቤቶች ቆጥሮ ለአንድ ሰው ብቻ ያሳውቅ። ባለሙያዎቹን የሚያናግረውም ያ አንድ ሰው ነው፤ ቀሪዎቻችሁ ሰዉን ከመንገዱ አርቁ፣ ከየቤቱ የወጣውን ዕቃም ጠብቁ።

መውረድ የማይችሉትን በተመለከተ በሽተኛ፣ አዛውንት፣ አራስ፣ መስማት የተሳነው፣ እናቱ ቆልፋበት ሥራ የምትሄድ ሕፃን ያለባቸውን ቤቶች መዝግቡ። ዝርዝሩ ግን ቴሌግራም ላይ አይውጣ። ማን ብቻውን እንደሚውል የሚናገር ወረቀት ለሌባም ይጠቅመዋል። በእጅ ተጽፎ በሁለት ኮፒ ብቻ ይቀመጥ፤ ጥበቃው ጋ የሚቀመጠው የበር ቁጥርና «ተሸካሚ ያስፈልጋል» የሚል ብቻ ይሁን።

እኚያ እናት እጃቸው ላይ መጀመሪያ ምን እንደተደረገላቸው አልጻፍሽልንም። በብዙ ቤት የሚደረገው የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ ነው። ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱም ከቁስሉ ላይ እየታሸ መነሣቱ አይቀርም። ለቃጠሎ የሚበጀው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ነው፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧ በማይመጣበት ቀን አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ በደቂቃ አንድ ሊትር፣ በጆግ ቀስ እያላችሁ ብታፈሱ ልክ 20 ደቂቃ ይሆናል። ሰዓት ያዙ፤ ሰው በሦስተኛው ደቂቃ «በቃ ቀዘቀዘ» ይላል። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት እጁ ሳያብጥ ይውለቅ። የተጣበቀ ልብስ አይላጥ፣ ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ፣ በረዶም አይደረግ። የተቃጠለውን እያበረዱ ቀሪውን ገላ በብርድ ልብስ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ከሆነ በተለይ። ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱ፤ ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከተቃጠለ በጤና ጣቢያ ብቻ እንዳይቀር፤ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። በየብሎኩ የተሞላ ጀሪካንና ጆግ ማስቀመጥ ከምትገዙት ነገር ሁሉ ርካሹ ነው።

መለያ ልብሱን በተመለከተ ስድስት አንጸባራቂ ሰደርያ ይበቃል፤ አስፋልት ላይ ለሚቆመው፣ ሰው ለሚቆጥረው፣ ባለሙያዎቹን ለሚያናግረው። ፖሊስ የሚመስል ልብስ አታሰፉ። ማታ መዞር ከፈለጋችሁም ጥበቃውን ማገዝ፣ የጠፋ አምፖል መመዝገብ፣ አጠራጣሪ ነገር ሲያዩ 991 መደወል ነው ሥራችሁ፤ ሰው አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅና መፈተሽ የእናንተ ሥልጣን አይደለም። በዚህ የተጀመረ ቡድን ሰፈርተኛውን በሁለት ሳምንት ያስቀይማል።

ሥልጠናው በወጣትነት ሞቅታ አይገኝም፤ በደብዳቤ ነው። ዕድሩ ወይም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጻፉ፤ በቅርብ ያለው ጣቢያ መጥቶ ግቢውን እንዲያይና እንዲያሠለጥናችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያ እርዳታ ደግሞ ቀይ መስቀል። ደብዳቤው ላይ የሠልጣኞቹን ቁጥር፣ የምትችሉበትን ሁለት ቀን አማራጭና የገመዱን ውጤት አያይዙ፤ የተሠራ ሥራ ያለበት ደብዳቤ ቶሎ ይነበባል።

ብሩን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡ፤ ቁልፍና ጓጉንቸር፣ ቀለም፣ የሚለጠፈው ጽሑፍ፣ ጀሪካኖቹ፣ ባትሪና ፊሽካ፣ አንድ ቃሬዛ፣ ወፍራም ጓንት፣ ከዚያ 6 ማጥፊያዎች። ማጥፊያዎቹን መልሶ ለማስሞላት የሚሆን ገንዘብ ሳትነኩ አስቀሩ።

በአራተኛው ወር እንዳትበተኑ ሥራውን ለወራት አከፋፍሉት። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዮቹ ይጠረጉ፤ የወጣው ደለል በዚያው ቀን ይነሣ፣ አፉ ላይ ከተተወ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰል። ከገናና ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ምጣድና ምድጃ በማይበርድበት ጊዜ፣ የስፒና ፍተሻ። በዓመት ሁለቴ፣ በእሑድ ከሰዓት፣ ቸርኬው ተመትቶ ሁሉም ይውረድ። ሰዓት ያዙ፣ የቀረውን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ልምምድ አስቂኝ ይሆናል፤ ግማሹ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ያያችኋል። የወረዱትን ብቻ መዝግቡና ሁለተኛውን አድርጉ።

ጋሼን በክርክር አትረቱም። ዕድሩ የናንተ ቡድን የሌለው ነገር ሁሉ አለው፤ የአባላት መዝገብ፣ ማኅተም፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ድንኳን፣ ከሁሉም በላይ ሰው ሲጠራ የመምጣት ልማድ። ስለዚህ ሌላ ማኅበር ከማቋቋም የዕድሩ አንድ ክፍል ሁኑ። ሪፖርታችሁን በየወሩ ስብሰባ ሦስት ደቂቃ ብቻ አቅርቡ፤ የገመዱ ደብተር፣ የተፈተሹ ስፒናዎች፣ የማጥፊያዎቹ ቀስት። እርሳቸው ቤት የሚውሉ ከሆነም ከሦስቱ የበር ቁልፎች አንዱን፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን፣ ለእርሳቸው ስጧቸው።